ከኅዳር 18 እስከ ታኅሣሥ 8

የመጨረሻ የወር አበባዋን መስከረም 1 ቀን ያየች፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የምትኖር አንዲት የቴፒ ሴት እናስብ። አዋላጅ ነርሷ የመውለጃ ቀኗን ለማወቅ ዘጠኝ ወርና ዐሥር ቀን ትደምራለች፤ ሰኔ 11 ላይ ታርፋለች። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ዘጠኝ ወር 270 ቀን ነው፤ ዐሥር ሲጨመርበት 280፣ ማለትም 40 ሳምንት ይሆናል። ጳጉሜን በመካከል ካለፈች የሚጨመረው አምስት ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ አራት። ይህን ሒሳብ የአገራችን አዋላጆች በቃላቸው ይዘውታል።

በዚሁ ሒሳብ ሌላ ቀንም ማግኘት ይቻላል። ጽንሱ የክሮሞዞም ችግር ሊኖርበት የሚችልበት ዕድል በአልትራሳውንድ የሚገመተው እርግዝናው 11 ሳምንት ከሞላው አንሥቶ 13 ሳምንት ከ6 ቀን እስኪሆነው ድረስ ነው። ለዚህች ሴት ጊዜው ኅዳር 18 ይጀምርና ታኅሣሥ 8 ያበቃል። በቴፒና በሚዛን አማን ዙሪያ ደግሞ ይህ ጊዜ ቡና የሚለቀምበት ነው። ቀልቶ የቆየ ቡና እግሩ ላይ ይደርቃል ወይም ይረግፋል። ባለማሳውም፣ ከሌላ ወረዳ ለለቀማ የመጣውም፣ በበበቃ ሰፊ የቡና እርሻ በለቀመው ልክ የሚከፈለውም አንድ ቀን እንዲያልፈው አይፈልግም። የሦስት ወር እርግዝና ሆድ አያሳይም። ብዙ ሴት ለባሏ ካልሆነ ለማንም አትናገርም፤ ከማቅለሽለሽና ከድካም በቀርም ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ምክንያት አይታያትም። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች ከ100 ወደ 28 ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ስለ ምርመራው የሚነግራቸው ሰው ሳያገኙ ጊዜው አልፏቸዋል።

ስለ ክሮሞዞም ምርመራ በአገራችን የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውድ የደም ምርመራና ስለ ዘመናዊ መሣሪያ ነው። ለእኔ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከእነዚህ ቀናት ነው። መሣሪያው ቢገዛም የእርግዝናዋን ሳምንት በትክክል የማታውቅ እናት አትጠቀምበትም። ውጤቱን የሚያስረዳት ሰው ካላገኘች ደግሞ ምርመራው ከጥቅሙ ጭንቀቱ ያመዝናል።

ክሮሞዞም በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ የዘር መረጃችንን የያዘ ክር ነው። ሰው 23ቱን ከእናቱ 23ቱን ከአባቱ ወርሶ በጠቅላላው 46 ይኖረዋል። ይህ ቁጥር በትክክል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ጆ ሂን ቲዮ እና አልበርት ሌቫን ስዊድን ውስጥ ባደረጉት ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት ሳይንቲስቶች 48 ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ ዤሮም ሌዠን፣ ማርት ጎቲዬና ሬሞን ቱርፓን ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ሴሎች ውስጥ አንድ ትርፍ፣ 47ኛ ክሮሞዞም መኖሩን አሳወቁ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን የእነዚህን ልጆች መልክና አስተዳደግ ከገለጸ 93 ዓመት አልፎ ነበር።

ሰውን አንድ ትርፍ ክሮሞዞም ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው? መልሱን ለማየት ደጃችን ላይ ያለው ቡና ይረዳል። መገኛው እነዚህ የደቡብ ምዕራብ ደኖች የሆኑት የአረቢካ ቡና 44 ክሮሞዞም አለው። እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም ያላቸው ሁለት የቡና ዝርያዎች (አንዱ ዛሬ ሮቡስታ የምንለው ነው) ከረጅም ዘመን በፊት ተዳቅለው፣ የሁለቱም ሙሉ ስብስብ በአንድነት ተይዞ አረቢካ ተገኘ። ዕፅዋት እንዲህ ያለውን ጭማሪ ብዙ ጊዜ ይችሉታል፤ ሁሉም በአንድነት ስለሚበዛ በክሮሞዞሞቹ መካከል ያለው ሚዛን አይናጋም። ሰው ላይ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው፤ የቀሩት ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ብቻ ሦስት ይሆናል። ያ ክሮሞዞም የያዛቸው መልእክቶች ከሌሎቹ በልጠው ሲሠሩ የጽንሱ አስተዳደግ ይዛባል። ከክሮሞዞሞቻችን ሁሉ ትንሹ 21ኛው ነው፤ ለዚህም ነው በርሱ ትርፍ፣ ማለትም በዳውን ሲንድረም፣ የሚጸነሱ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ተወልደው ለማደግ የሚበቁት። የ18ኛውና የ13ኛው ትርፍ ኤድዋርድስና ፓታው ሲንድረም የሚባሉትን እጅግ ከባድ ሁኔታዎች ያመጣል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት የመጀመሪያ ልደታቸውን አያከብሩም። ከጾታ ክሮሞዞሞች በቀር በሌሎቹ ላይ ትርፍ ሲመጣ እርግዝናው ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቋረጣል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በቡና አገር ላሉ ሴቶች በተለይ መነገር አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም ስሕተት ያለባቸው ናቸው። ጽንሱ የወረደባት ሴት ግን ምክንያቱን ራሷ ላይ ትፈልጋለች፤ «ጆንያ ተሸክሜ ነው፣ ዳገት ወጥቼ ነው፣ ውኃ ቀድቼ ነው» ትላለች። ጎረቤትም ያግዛታል። ስሕተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናው ከመጀመሩ በፊት የደረሰ ነው። ሴት ልጅ ከእናቷ ማህፀን ጀምሮ እንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች፤ የክሮሞዞም ክፍፍላቸውም ያኔ ተጀምሮ መሐል ላይ ይቆማል። እንቁላሉ የሚወጣበት ወር ሲደርስ ክፍፍሉ ካቆመበት ይቀጥላል። የ20 ዓመት ሴት እንቁላል ሃያ ዓመት፣ የ40 ዓመቷ ደግሞ አርባ ዓመት ጠብቋል። ክሮሞዞሞቹን አንድ ላይ ይዞ የሚያቆየው ማያያዣ በዕድሜ ይላላና አንዳንዴ ጥንዱ ሳይለያይ ይቀራል። ይህ በምግብ፣ በሥራ፣ በርግማን ወይም በሰው ዓይን የሚመጣ አይደለም። የአባትም ድርሻ አለበት፤ ትርፉ ክሮሞዞም ከአባት የሚመጣባቸው ልጆች ጥቂት ቢሆኑም አሉ።

ዕድሉ በቁጥር ሲነገር እንዲህ ነው። በ20 ዓመቷ የምትወልድ እናት ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከ1,500 ወሊድ በአንዱ ገደማ ነው። በ30 ዓመቷ ከ900 በአንዱ፣ በ35 ዓመቷ ከ350 በአንዱ፣ በ40 ዓመቷ ከ100 በአንዱ፣ በ45 ዓመቷ ከ30 በአንዱ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጉዳዩ የትልልቅ እናቶች ብቻ ይመስለዋል። የሚወልዱት በብዛት ወጣቶች ስለሆኑ ግን ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች የሚበዙት ከ35 ዓመት በታች ካሉ እናቶች ነው የሚወለዱት። ስለዚህ «ገና ልጅ ነሽ፣ አያሳስብሽ» ማለት ማጽናናት ይመስላል እንጂ መረጃ አይደለም።

በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል የሚሠሩት ኪፕሮስ ኒኮላይዲስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳወቁት ነገር ለዚህ የመፍትሔ በር ከፈተ። ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ከእያንዳንዱ ጽንስ ማጅራት ቆዳ ሥር ጥቂት ፈሳሽ ይታያል፤ የክሮሞዞም ችግር ያለበት ጽንስ ላይ ግን ፈሳሹ ብዙ ጊዜ ይወፍራል። ጽንሱ ከራሱ እስከ መቀመጫው ከ45 እስከ 84 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ ይለካል። ከዚያ በፊት ጽንሱ ለመለካት ትንሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ፈሳሹ ይጠፋል። ከኅዳር 18 እስከ ታኅሣሥ 8 ያሉት 21 ቀናት የተወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው። ልኬቱ ከእናቲቱ ዕድሜና በደሟ ውስጥ ካሉ ሁለት የእንግዴ ልጅ ንጥረ ነገሮች ጋር ሲደመር ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 10 ጽንሶች 9 ገደማ ይለያል። ፈሳሹ ከ3.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ክሮሞዞሙ ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የጽንሱ ልብ በደንብ መታየት አለበት።

አሁን አንድ ሒሳብ በቀስታ እንሥራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ዕድሜያቸው 25 ዓመት አካባቢ የሆነ 10,000 ነፍሰ ጡሮች ተመረመሩ እንበል። ከሺህ አንዷ ብለን ብንይዝ ዳውን ሲንድረም ያለበት ጽንስ የያዙት 10 ናቸው። ምርመራው ዘጠኙን ያገኛል። ግን ጤነኛ ጽንስ ከያዙት ከ100 አምስቱን «ዕድልሽ ከፍ ያለ ነው» ይላቸዋል፤ ይህም 500 ሴቶች ናቸው። በድምሩ 509 ሴቶች ተጠርተው የሚነገራቸው አንድ ዓይነት ቃል ነው፤ ከእነርሱ 500ው ጤነኛ ጽንስ የያዙ ናቸው። አንዷ ደግሞ «ዕድልሽ ዝቅተኛ ነው» ተብላ ሄዳ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ትወልዳለች። ምርመራው አልከሸፈም፤ የማጣሪያ ምርመራ ሥራው ዕድልን መናገር ነው። «ልጅሽ እንዲህ ነው» የሚል ቃል ከማጣሪያ ምርመራ ውጤት ላይ ያነበበ ባለሙያ ካለ ወረቀቱ ያላለውን አንብቧል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዴኒስ ሎና ባልደረቦቻቸው በእናት ደም ውስጥ የጽንስ ዲኤንኤ እንደሚገኝ አሳወቁ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በዚህ ላይ የተመሠረተ ምርመራ በገበያ ላይ ዋለ። ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናት ክንድ ደም ተወስዶ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 100 ጽንሶች 99ኙን ይለያል፤ በስሕተት የሚጠራቸው ከሺህ ከአንድ አይበልጡም። በአዲስ አበባ የግል ላቦራቶሪዎች ናሙና ተቀብለው ወደ ውጭ አገር ይልካሉ። ከላይ ባየናቸው 10,000 ወጣት እናቶች ላይ ብንሞክረው ግን 10ሩን ያገኝና ሌሎች እስከ 10 የሚደርሱትን በስሕተት ይጠራል። እስካሁን ካሉት ማጣሪያዎች የላቀው ምርመራ እንኳ ለወጣት እናት «አለ» ሲላት ግማሽ ለግማሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለ10,000 የ40 ዓመት እናቶች ከሠራነው ከተጠሩት 109 ሴቶች 99ኙ እውነት ይሆናል። ያው ምርመራ፣ ያው ወረቀት፣ ትርጉሙ ግን እንደ እናቲቱ ዕድሜ ይለያያል። በደም ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ ከእንግዴ ልጁ የሚመጣ መሆኑም መታወስ አለበት፤ እንግዴ ልጁና ጽንሱ አንዳንዴ አይመሳሰሉም።

ስለዚህ ከማጣሪያው በኋላ ማረጋገጫ ይመጣል። ከ15ኛው ሳምንት በኋላ በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ከሆድ በኩል የእንሽርት ውኃ ይቀዳል፤ በውኃው ውስጥ ያሉት የጽንሱ ሴሎች ክሮሞዞም ይቆጠራል። ቀደም ብሎ ከ11ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእንግዴ ልጅ ትንሽ ናሙና መውሰድም ይቻላል። በሠለጠነና በበሰለ እጅ ሲሠራ በዚህ ምክንያት ጽንሱ የመውረድ ዕድሉ ከ200 ከአንድ ያነሰ ነው። ሴሎቹን አባዝቶ ለመቁጠር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ለቴፒ ሴት ይህ ሁሉ መንገድ ነው። ከቴፒ ሚዛን አማን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሚዛን በቦንጋ አድርጎ ጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከሚዛን አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ሪፈር ወረቀት መጻፍ ቀላል ነው፤ ወረቀቱን ይዛ የምትሄደው ሴት ግን ሌሎች ልጆቿን ለማን እንደምትተው፣ አዲስ አበባ የት እንደምታርፍ፣ ውጤቱን ቆይታ እንደምትሰማ ወይስ ተመልሳ እንደምትመጣ ማሰብ አለባት።

ታዲያ በአካባቢው ያለው ምንድን ነው? አማን የሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ ጤና ጣቢያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ስምንት ጊዜ እንድትታይና ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድታገኝ ይላል፤ የአገራችንም የክትትል መመሪያ ይህንኑ ተቀብሏል። ያ አንድ አልትራሳውንድ መቼ ይሁን የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ12ኛው ሳምንት ከሆነ ሳምንቱ በትክክል ይታወቃል፣ መንታም ከሆነ ይለያል፣ የማጅራቱም ፈሳሽ ይታያል። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ከሆነ ደግሞ ልብ፣ አንጎልና አከርካሪ በተሻለ ይታያሉ። አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነና እናትየዋ ዘግይታ ከመጣች፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምክንያቴም ከክሮሞዞም ውጭ ያለ ነገር ነው።

የአከርካሪና የራስ ቅል አለመዘጋት መጠን በኢትዮጵያ በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት መካከል ነው። ይህ ከክሮሞዞም ስሕተት የሚለየው አብዛኛውን መከላከል የሚቻል በመሆኑ ነው። የጽንሱ አከርካሪ የሚዘጋው ከተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ማለትም ብዙ ሴት ማርገዟን ከማወቋ በፊት ነው። ከእርግዝናው በፊት ጀምሮ በየቀኑ የሚወሰድ 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በክትትል የመጀመሪያ ቀን የሚሰጠው እንክብል ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለአከርካሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል። ዱቄትን በንጥረ ነገር ለማበልጸግ አገሪቱ የጀመረችው ሥራ ለዚህ ነው አስፈላጊ የሚሆነው። በደቡብ ምዕራብ ግን ብዙ ቤት የሚበላው ቆጮ፣ በቆሎና ጎደሬ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ ዱቄት እነዚያ ቤቶች አይደርስም። ለጥቂቶች ናሙና ወደ ውጭ ከመላክ በፊት ለብዙዎች ከእርግዝና በፊት ፎሊክ አሲድ ቢደርስ የሚተርፉት ልጆች ይበዛሉ ብዬ አምናለሁ።

ምርመራው የሚያመጣውን ውሳኔም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እርግዝናን ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት ሲሆን የሚለውን ጨምሯል። ሕጉ የበሽታ ስም አይዘረዝርም፤ የኤድዋርድስ ሲንድረም እና የዳውን ሲንድረም ልጆች ሕይወት ደግሞ ፈጽሞ አይመሳሰልም። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሁሉም እናቶች የመጀመሪያ ወራት ማጣሪያ ከቀረበ በኋላ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። እዚያ መመርመርና ማቋረጥ አንድ መንገድ እስኪመስሉ ተቀራርበዋል። እኛ ዘንድ ምርመራው ገና እየመጣ ስለሆነ ሁለቱን ለይተን ለመጀመር ዕድሉ አለን። አንዲት እናት ለማወቅ ብቻ ልትመረመር ትችላለች፤ ላለመመርመርም መብቷ ነው። እምነቷም ሆነ ቤተሰቧ የሚሉትን የምትመዝነው እርሷ ናት።

ይህን የሚያስረዳት ባለሙያ በምትሰማው ቋንቋ ሊነግራት ይገባል። በዚህ አካባቢ ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካ፣ ካፋ፣ ሜኢኒትና ማጃንግ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ካርድ ማውጣትና ክብደት መለካት በእጅ ምልክትም ይሆናል። «ከ50 እርግዝና በአንዱ» የሚል ነገር ግን ባል ወይም አማት በመሐል ገብተው እንዲተረጉሙት አይተውም። አማት «ልጁ በሽተኛ ነው ትላለች» ብላ ካሳጠረችው ሁሉም ነገር ያበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከቀበሌው የተመረጡ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ናቸው፤ ሥልጠናው ግን ዕድልን በቁጥር ማስረዳትን መጨመር አለበት። ለአንዲት እናት «ከሃምሳ አንድ» ብሎ ብቻ መተው አይበቃም፤ «እንዳንቺ ያሉ ሃምሳ እናቶች ቢኖሩ አርባ ዘጠኙ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ» ሲባል ነው የሚገባት።

ቀድሞ ማወቅ ለማቋረጥ ብቻ አይደለም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ፤ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከለው ከባድ ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተሠራ የሳንባ ደም ሥሮችን ይጎዳል። ስለ ልጇ አስቀድማ የምታውቅ እናት የምትወልድበትን ቦታ ትመርጣለች። በምዕራብ አገሮች የእነዚህ ልጆች አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1983 25 ዓመት ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። ለውጡን ካመጡት ዋና ምክንያቶች አንዱ የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። በአገራችን በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል ሕፃናትን ያክማል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። የቀድሞው አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ ዳውን ሲንድረም ባለባት ልጃቸው ስም ያቋቋሙት ዲቦራ ፋውንዴሽንም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከጓዳ አውጥተው እንዲያስተምሩ ይሠራል። አንድ የታወቀ ሰው ስለ ልጁ በአደባባይ መናገሩ ብዙ ወላጆችን ከመደበቅ አውጥቷል።

ሳትመረመር የወለደች እናት ጋ የሚሠራውም ሥራ ያው ነው። በአማን ወይም በቴፒ የተወለደ ሕፃን ጡንቻው ከላላ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ካዘነበሉ፣ መዳፉ ላይ አንድ መስመር ብቻ ካለ፣ ጡት ለመጥባት ከደከመ አዋላጇ ልቡን ታዳምጥ፣ የልብ አልትራሳውንድ እንዲያገኝ ቶሎ ትላከው፤ የታይሮይድ ምርመራም አይረሳ። እናቲቱን ብቻዋን ሳይሆን ከአባቱ ጋር፣ ሕፃኑን አቅፋ እያለች ይንገሯት። የክሮሞዞም ቆጠራ ማድረግ ከተቻለ ይደረግ፤ ከ100 ልጆች 95 ገደማ ላይ ትርፉ ክሮሞዞም ለብቻው ይገኛል፣ የመደገም ዕድሉም ትንሽ ነው። ከሦስት እስከ አራት በሚሆኑት ላይ ግን ትርፉ ክሮሞዞም በሌላ ክሮሞዞም ላይ ተጣብቆ ይገኛል፤ ይህ ከጤነኛ ወላጅ ሊወረስ ስለሚችል የአባትም የእናትም ደም መመርመር አለበት። ከሁለቱ አንዳቸው ተሸካሚ ሆነው ከተገኙ እህትና ወንድሞቻቸውም ልጅ ከመውለዳቸው በፊት ሊመረመሩ ይገባል።